ከወለሉ በፊት ተረከዙን እዩ

(ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሦስት ዕድሮች አባላት ስለ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት አመራረጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ፤ ከአዳራሹ የተነሡትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ከገላን ጉራና ከአራብሳ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ሰፈሩ ቢፈርስም ዕድሩ አልፈረሰም ማለት ነው።

ሰብሳቢያችን ሲያስተዋውቁኝ ሠላሳ ዓመት በነርስነት እንዳገለገልኩ፣ ከዚህም ውስጥ ዘጠኙን ዓመት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በነርሲንግ ሆም፣ ማለትም በአረጋውያንና በሕሙማን መንከባከቢያ ቤት፣ እንደሠራሁ ተናግረዋል። ያልተናገሩትን እኔ ልጨምርላቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ፣ ለገዛ እናቴ መንከባከቢያ ስመርጥ ተታልያለሁ። ያታለለኝም ወለል ነው።

እናቴን ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል 11 ቀን ተኝታ «ከእንግዲህ የሚቀረው እንክብካቤ ነው» ተባልንና ወጣን፤ በአንድ እጄ የመድኃኒት ፌስታል፣ በሌላው የሽንት ከረጢቷን ይዤ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ አንቺ ጥሩ ቦታ ፈልጊ» አለኝ። ፈለግሁ። ያገኘሁት ቤት ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። መግቢያው ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል። ሥራ አስኪያጁ ሻይ አስመጣልኝ፤ ሐኪም እንዳለ፣ ኦክስጅን እንዳለ ነገረኝ። የሦስት ወር ከፍዬ ወጣሁ። አንድ ነገር እዚሁ ልምከራችሁ፦ ሻይ ያስመጣላችሁን ሰው አፋጦ መጠየቅ ይከብዳል፤ ሻዩን ጥያቄያችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ጠጡ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጊዜው ሐምሌ ነበር፣ ብርዱ ስለ ጠና የሱፍ ካልሲ ገዝቼላት ሄድኩ። አሮጌውን ላወልቅላት ስል ከቀኝ ተረከዟ ተጣብቆ እምቢ አለኝ። በሞቀ ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ተረከዟ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የጠቆረ ቦታ አለ፤ ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሯል፤ በጣቴ ስነካው እንደ በሰበሰ ቲማቲም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። እሷ ደግሞ በዚያ እግሯ ብዙም ስለማይሰማት አላመማትም፤ «ምነው እግሬን ያዝሽው?» ነው ያለችኝ። ካልሲው ከገባበት ቀን ጀምሮ ወልቆ አያውቅም ነበር። ፊቷ በየጠዋቱ ይታጠባል፣ ጸጉሯ ተጎንጉኗል፣ ነጠላዋ ፏ ብሏል። ጎብኚ የሚያየው ሁሉ በሥርዓት ተሠርቷል። ያ ቁስል ለመዳን አራት ወር ፈጀ።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው፦ ቤት ስትመርጡ ጎብኚ የማያየውን ፈልጋችሁ እዩ። የምናገረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

አስቀድመን ግን ስሙን እንለይ። «የአረጋውያን መንከባከቢያ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ደግፎ ሽንት ቤት ማድረስ አንድ ሥራ ነው። ከባድ ነው፤ ነገር ግን ልቡ ቀና የሆነና የለመደ ሰው ይወጣዋል። ቁስል አጥቦ ማሸግ፣ የሽንት ቱቦ መቀየር፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ ስኳር ለክቶ ኢንሱሊን መውጋት፣ የሰነፈውን እጅና እግር ማሠራት ደግሞ የነርስና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው፣ መሆንም አለበት። ችግሩ የመጀመሪያውን እየሰጡ የሁለተኛውን ዋጋ የሚጠይቁ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ቀርባችሁ አንብቡ። የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው ወይስ የጤና ተቋም የብቃት ማረጋገጫ አለው? ነጭ ጋውን የለበሰችውን ልጅም «ልጄ፣ የሙያ ፈቃድሽ ታድሷል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ፈቃድ ያላት በኩራት ታሳያችኋለች።

ከመካከላችሁ አንድ ጋሼ «መቄዶንያስ?» ብለውኛል። ብንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የወደቁትን፣ ጠያቂ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከጎዳና የሚያነሣ የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው። ሦስት ልጅ ውጭ አገር ያላት እናት እዚያ ብትገባ የማንን አልጋ ይዛ እንደሆነ እናንተው አስቡት። እኔ የምናገረው ከፍሎ ማስገባት ስለሚችል፣ ወይም እችላለሁ ብሎ ስለሚያስብ ቤተሰብ ነው።

ወደ ተረከዙ ልመለስ። የመኝታ ቁስል የሚወጣው አጥንት ቆዳን ከፍራሽ ጋር አጣብቆ ሲይዘው ነው። ደም ወደዚያ ቦታ መድረስ ያቅተዋል፣ ሥጋው ይሞታል። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የማይንቀሳቀስን ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዙን በትራስ ከፍራሹ ማንሣት፣ እርጥበት እንዳያገኘው ማድረግ። ይህ ሁሉ ማሽን አይጠይቅም፣ ክንድ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ነገር ግን መጻሕፍቱ ሲያስተምሩን ጎድሎ ነበር። «ቆዳው ይቀላል፣ በጣት ተጭነህ ስትለቀው ካልነጣ ቁስል ጀምሯል» ይላሉ። ይህ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታይቶ ነው። የእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም ወይም ዘግይቶ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ መርምሩ። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ የደደረ ወይም የላመ ቦታ ካለ፣ ወይም ቀለሙ ከአካባቢው ጠቆር ካለ፣ ወደ ሐምራዊም ካደላ፣ ነገሩ ከውስጥ ጀምሯል። በመስኮት ብርሃን እዩት፤ የክፍሉ አምፖል ያታልላል።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ሲስተር፣ ገና ሳልከፍል የሰው እናት ካልሲ እንዴት ላወልቅ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አታወልቁም። ኃላፊውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ዛሬ እዚህ ካሉት ውስጥ የመኝታ ቁስል ያለበት ስንት ሰው ነው? ከእነሱስ እዚህ ከገባ በኋላ የቆሰለው ስንት ነው?» «አንድም የለም፣ የእኛ ቤት እንደዚያ አይደለም» ቢላችሁ እኔ ብሆን እወጣለሁ። የተኛ ሰው ባለበት ቤት ቁስል ፈጽሞ የለም የሚል ወይ አላየም ወይ ይዋሻል። «ሦስት አሉ፤ ሁለቱ ከሆስፒታል ይዘውት መጡ፣ አንዱ እዚህ ነው የጀመረው፣ መዝገቡ ይኸው» የሚላችሁን ሰው ግን ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት።

አሁን ስለ ሌሊቱ። ቀን ቀን ሁሉም ቤት ሰው አለው። ጠያቂ ይመጣል፣ ሐኪሙ ይዞራል፣ ጽዳት ይጸዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ጠይቁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ሒሳብ እዚህም ልድገመው። ሃያ የማይንቀሳቀሱ ታማሚዎች ያሉበት ቤት ነው እንበል። ሌሊት ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንድን ሰው ለሁለት አገላብጦ፣ የረጠበ ካለ ቀይሮ፣ ትራሱን አስተካክሎ ለመሄድ ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሃያውን ለመጨረስ 120 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። የመጨረሻውን ሲጨርሱ የመጀመሪያው ተራ ደርሷል። ውሃ ለማጠጣት፣ ለተጠራ ለመድረስ፣ አንድ ሰው ቢወድቅ ለማንሣት አንዲት ደቂቃ አልተረፈችም። ሁለት ሰው ለሃያ ሰው ሲባል ብዙ የሚመስለው ወረቀት ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ማገላበጡ አይደረግም፤ አይደረግም ብሎ የሚነግራችሁ ግን የለም።

የማገላበጫ ሰንጠረዥ አለን ይሏችኋል። አምጡና እንየው በሉ። 2 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 6 ሰዓት እያለ እስከ ንጋት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ አንድም ሳያዛንፍ የተሞላ ከሆነ ጠዋት ተቀምጠው የሞሉት ነው። የእውነት ሌሊት እንደዚያ አይጻፍም። «4፡25፣ ሰውየው አልገለበጥም አሉ፣ ተረከዝ ተነሣ» የሚል መዝገብ ካያችሁ ሰው ነቅቶ አድሯል።

ስለ ጸጥታም አንድ ነገር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሃያ አረጋውያን በአንድ ጊዜ ጭጭ ብለው የተኙበት ቤት እኔን ያስፈራኛል። ሽማግሌ ይነቃል፣ ይጸልያል፣ ይጣራል፣ ያጉረመርማል። ማታ ማታ ምን መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ማን እንዳዘዘው ጠይቁ። ነርስ ከመጨመር የሚያስተኛ ክኒን መጨመር ይረክሳል።

አሜሪካኖቹ ይህን ችግር እንዴት ያዙት ለሚለው አጭር መልስ ልስጥ፤ እዚያ ሁሉም ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳታስቡም ነው። በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነርሲንግ ሆሞችን የሚያስተካክል ትልቅ ሕግ አወጡ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት እንደ ሆቴል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል፤ ማንም ሰው በኮምፒውተር ከፍቶ ማየት ይችላል። ኮከቡ ከሦስት ነገር ይመጣል፦ ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ግኝት፣ ከሠራተኛ ብዛት፣ ከታማሚዎቹ ሁኔታ። መጀመሪያ ላይ የሠራተኛውን ብዛት ቤቶቹ ራሳቸው ነበር የሚናገሩት። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ሰው ይበዛል፤ ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ፣ ቁጥሩ ከደመወዝ መዝገብ እንዲወሰድ ተደረገ። ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው አልሠራም፣ አለቀ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የቅዳሜና እሁድ ሠራተኛ ብዛትና በዓመት ስንቱ ሥራውን እንደለቀቀም ይወጣል። በ2024 ለአንድ ታማሚ በቀን ቢያንስ 3.48 የሠራተኛ ሰዓት ይሁን የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው። ደንቡ ቢሻርም ቁጥሩ ለእኛ መለኪያ ይሆናል። ለሃያ ሰው ስታባዙት በቀን ወደ 70 ሰዓት ይመጣል፤ ስድስት የ12 ሰዓት ፈረቃ ማለት ነው። አራት ሰው ቀን፣ ሁለት ሰው ሌሊት። ሁለቱ የሌሊት ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ደግሞ ቅድም አስልተናል።

እኛ ኮከብ የሚሰጥልን የለም። የደመወዝ መዝገብም አያሳዩንም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ዘበኛውን ነው። «ሌሊት ስንት ልጆች ያድራሉ?» በር የሚከፍትላቸው እሱ ስለሆነ ያውቃል። ቀጥዬ ተንከባካቢዎቹን አንድ በአንድ «እዚህ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» እላቸዋለሁ። አምስቱም «ሁለት ወር ነው» ካሉኝ እናቴን ማንም አያውቃትም፤ የትኛው ጎኗ እንደሚያማት፣ ክኒን በገንፎ ካልሆነ እንደማትውጥ የሚያስታውስ አይኖርም። ያለ ቀጠሮም ሂዱ። በተለይ እሁድ ከሰዓት በኋላ።

በምግብ ሰዓት ብትደርሱ ደግሞ ብዙ ታያላችሁ። እዚህ ላይ ጨከን ብዬ የምናገረው ነገር አለ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ያቅተዋል፤ ምግቡና ውሃው በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። እኛ ደግሞ ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ የተኛችውን አክስቱን እንደተኛች በርከት ያለ ጉርሻ ያጎርሳታል፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ይደግማል። ስታስል «ትንሽ ውሃ ስጧት» ይላል፤ ቀጭን ውሃ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጥሩ ቤት ዘመድን ይከለክላል። ቀና አድርጎ ያስቀምጣል፣ በትንሽ ማንኪያ ይሰጣል፣ መዋጧን አይቶ ይቀጥላል፣ ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳያስተኛት ያቆያታል። አጥሚቱን ወፈር አድርጎ ይሠራል። አንዲት ልጅ አራት ሰው በአንድ ጊዜ በየተራ ስታጎርስ ካያችሁ፣ የልጅቷ ጥፋት አይደለም፤ ግን እዚያ ቤት አታስገቡ።

ስለ ጾምና ስለ ጸበል ጠይቃችሁኛል። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብትል፣ ቤቱ «መብቷ ነው» ብሎ ኢንሱሊኗን እንደ ወትሮው ከወጋ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ቤቱ በሁዳዴ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ፤ ሐኪሙንም የንስሐ አባቷንም ቀድሞ የሚያነጋግር ቤት አለ። ጸበል ደግሞ መዋጥ ለከበዳት ሰው ባለሙያው ሳይፈቅድ አይጠጣም። መረጨቱ ግን ማንንም አያንቅም።

አሁን አንድ መለኪያ ልንገራችሁ፤ አሜሪካኖቹ ኮከብ ውስጥ ሊያስገቡት የማይችሉት፣ ለእኛ ግን ቋንቋችን የሰጠን ነው። ሠራተኞቹ አረጋውያኑን ምን ብለው እንደሚጠሩ አዳምጡ። እናንተ ፊት ሁሉም «እማማ፣ እርስዎ» ይላል። እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው ማዳመጥ። «የሦስት ቁጥሯን ቀይረሻታል?» የሚል ቤት አለ። «እትዬን ቀየርሻቸው?» የሚል ቤትም አለ። እኔ ይህን በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን የማስር መስዬ ነው የማዳምጠው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ «አንተ፣ ተነሣ በቃ» ሲባል ከሰማሁ ፈቃዱን ማንበብ አያስፈልገኝም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደብተር የያዛችሁም አላችሁ።

በወር ይህን ያህል የሚባለው ቁጥር ዋጋው አይደለም። ዋጋው የሚታወቀው «በዚህ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለስሌት ያህል ሁለት ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ እኔ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንዱ በወር 30,000 ብር ይላል፣ ሌላው 42,000። ሁላችንም ወደ 30,000ው እናያለን። አሁን እንጠይቅ። ዳይፐር የማን ነው? የእናንተ። በቀን አምስት፣ በወር 150፤ አንዱ በ60 ብር ቢገዛ 9,000። የቁስል ማሸጊያ? የእናንተ። በየሁለት ቀኑ 400 ብር ቢሆን 6,000። ፊዚዮቴራፒ? በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው 800፤ 6,400። ድምሩ 51,400 መጣ። ባለ 42,000ው ዳይፐሩንና ማሸጊያውን ራሱ ይችላል፣ ፊዚዮቴራፒውን ብቻ ታመጣላችሁ፤ 48,400። ርካሹ ቤት በሦስት ሺህ ብር ተወደደ።

ዳይፐሩን በእናንተ ሲያደርጉት ሌላም ነገር ይመጣል። ስንት እንደተጠቀሙ የሚቆጥረው ማን ነው? የላካችሁት «አልቋል» ሲሏችሁ እናትየው በረጠበ ዳይፐር ሌሊቱን አድራ ይሆናል፣ ዳይፐሩም ሌላ አልጋ ላይ ውሎ ይሆናል። ዳይፐሩና ማሸጊያው ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ውጭ ያሉት ልጆቻችሁ የሚልኩት ዶላር ብዙ ብር ሆነ ብላችሁ ደስ ብሏችሁ ከነበረ፣ ወጪውም አብሮ እንደተነሣ አስሉ።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት አንቀጽ ፈልጉ፤ ከሌሉ አስጽፉ። ሆስፒታል ብትገባ አልጋው ባዶ ለተቀመጠበት ቀን እንከፍላለን ወይ? ዋጋ ሲጨመር ስንት ቀን ቀድሞ ይነገረናል? የከፈልነው ወር ሳያልቅ ብታርፍ ወይም ብናወጣት ቀሪው ይመለሳል ወይ? እኔ እናቴን ሳወጣ የቀረውን ሰባት ሳምንት አልመለሱልኝም፤ ውሉ ላይ ስላልነበረ ተከራክሬም አላገኘሁ።

በሒሳቡ ውስጥ የማይገባ ወጪም አለ። ብዙ ጊዜ ወንድሞች ገንዘብ ይልካሉ፣ አንዲት እኅት ሥራዋን ትለቅቃለች። ብዙ ጊዜ ያላገባችው ናት። የሷ ደመወዝ፣ ጡረታዋ፣ ያጣችው ዕድገት የትኛውም ደብተር ላይ አይጻፍም፤ እንዲያውም «ቤት ነው ያለችው» ትባላለች። የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የልጆች ነው ይላል፤ የአንዷ ልጅ አይልም። መንከባከቢያው ተወደደ ከማለታችሁ በፊት የእኅታችሁን ደመወዝ ከዚያኛው ወገን ደምሩበት።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ ግሪን ካርድ አስወጥታልኛለች፤ እዚያ ብታመም መንግሥት ያስታምመኛል ይላሉ» አሉ። እንዲህ ነው እናቴ። ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት መድን ሜዲኬር ይባላል። እዚያ ያልሠራ ሰው 65 ዓመት ቢሞላውም አምስት ዓመት በተከታታይ በመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖር ገንዘብ ከፍሎም አይገባበትም። ከገቡበትም በኋላ፣ ነርሲንግ ሆምን የሚከፍለው በአብዛኛው ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ ለታከመና ሙያዊ የነርስ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። የመጀመሪያውን 20 ቀን ሙሉ ይከፍላል። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ታማሚው ይጋራል፤ በ2025 የታማሚው ድርሻ በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሰማንያውን ቀን አስሉት፣ 16,760 ዶላር። ከ100 ቀን በኋላ ዜሮ። ሦስቱ ቀን ላይም ወጥመድ አለ፦ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ አስተኝቶ «ለክትትል ነው» ብሎ ከመዘገበው ሦስት ሌሊት ቢያድሩም አይቆጠርም። መታጠብና መልበስ ብቻ የሚያስፈልገውን ሰው ሜዲኬር አይሸፍንም። ለዚያ የሚከፍለው ለድኾች የተዘጋጀው ሜዲኬይድ ነው፤ እሱም አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ለልጅ የተሰጠ ቤትና ገንዘብ ይመረምራል፤ አዲስ ባለ ግሪን ካርድንም በአብዛኛው አምስት ዓመት ያስጠብቃል። ልጅዎ ይህን ሳታውቅ አይደለም የምትወስድዎት፤ ግን ጠይቋት።

ሜሪላንድ ሳለሁ አብረውኝ ከሚሠሩት ግማሾቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። በየሁለት ሰዓቱ የሰው እናት ያገላብጣሉ፣ በእረፍታቸው ወደዚህ ይደውላሉ። አንዷ ሁልጊዜ የምትጠይቀው «በላች ወይ?» ነበር። ሥራው ላይ ግን የምትመዘግበው የተበላውን ብቻ አልነበረም፤ ታማሚዋ ስንት እንደጠጣች፣ ስንት እንደሸናች፣ ጀርባዋ እንዴት እንደሆነ ነው። ለገዛ እናቷ ያንን መጠየቅ ሳታስበው ቀርታ ነው እንጂ ታውቀዋለች። ልጆቻችሁ በቪዲዮ ሲደውሉ ስልኩን ፊት ላይ ብቻ አትያዙ። ወደ ተረከዙም አዙሩት።

የመጨረሻው ለዕድሮቹ ነው። ሁሉም ሰው መንከባከቢያ አያስገባም፤ አብዛኞቻችን እቤት ነው የምናስታምመው፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ ያግዝ የነበረበት ሰፈርም ለብዙዎቻችን የለም። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ሦስት መቶ ሰሃን አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ይደርሳል። ከመሞቱ በፊት ግን ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ለዚያ የምናውሰው አንድም ዕቃ የለንም። በአየር የሚነፋ ፍራሽ፣ ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ ባለ ጎማ ወንበር፣ የመጸዳጃ ወንበር። እነዚህ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ገዝቶ በስድስት ወር መጋዘን ከሚያስገባቸው ዕድሩ ቢይዛቸው ይሻላል። ፍራሹ ማገላበጥን አይተካም፣ ይህን ሻጮቹ አይነግሯችሁም፤ የምታስታምመውን ሰው ጉልበት ግን ያግዛል።

የአንደኛው ዕድር ገንዘብ ያዥ እዚያው ተነሥተው «ሲስተር፣ ፍራሹ ስንት ነው?» አሉ። ከሁለት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ይዤ ረቡዕ እመጣለሁ አልኳቸውና ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ያን ጊዜ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድም ቃል ያልተናገሩ ሽማግሌ፣ ከጥግ ሆነው «ባለ ጎማ ወንበርስ አለን» አሉ። ሁሉም ዞረ። የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ እሳቸውም አያስታውሱም፤ አንድ ቤተሰብ ከለቅሶ በኋላ ለዕድሩ ሰጥቶት ነበር። መጋዘን ውስጥ ከድንኳኖቹ ሥር ነው። አንደኛው ጎማው የለም።